ሳልቅም የመረቀነው ዓይኔ

ድሬዳዋ ውስጥ የሰው ዓይን ከፈጠጠ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። ማንም ሐኪም አይጠራም፣ ማንም አይደነግጥም። «መርቅኖ ነው» ይባላል፣ አለቀ። ከፈጠጠው ዓይን ጋር እጅም ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካጠመቀ፣ ወሬ ከፈጠነ፣ እንቅልፍ ከጠፋ ደግሞ ምስክር አያስፈልግም።

እኔ ላይ ይህ ሁሉ ነበረብኝ። ጫት ግን ቀምሼ አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣልኝም፤ መጋላ ገበያ ውስጥ የሴቶች ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሱቁ ባለቤት ኤዶ ሳህራ ትባላለች፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፣ እኔም የሥጋ ዘመዷ ሳልሆን እንደዚያ ነበር የምጠራት። ከሥራ የሚተርፈኝን ሰዓት ሁሉ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። መንገድ ላይ የሚዘረጉ አሮጌ መጻሕፍትን፣ የባጃጅ ጀርባ ጥቅሶችንና የገበያተኛውን ንትርክ እያነበብኩና እየሰማሁ ነው የጀመርኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ ዓይኔ ግን ምንም አያመልጠውም ነበር። የጨርቅ ቀለም ላይማ ኤዶ ሳህራ ራሷ ትጠይቀኛለች።

አሁን ከማወራላችሁ ቀን አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ልቤ እንደ ከበሮ መምታት ጀመረ። እየበላሁ ከሳሁ። ከዚራ ሰፈር ያለ ክሊኒክ የሚሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ደሜን አስመረመረና «ታይሮይድ ነው፤ አንገትሽ ላይ ያለችው እጢ ሆርሞን ከልክ በላይ እያመረተች ነው» ብሎ ክኒን ጀመረልኝ። ክኒኑ ሠራ። ልቤ ረጋ፣ ኪሎዬ ተመለሰ። ደሜ ታረቀኝ፤ ዓይኔ ግን ኩርፊያው ላይ ቀረ። እያበጠ፣ እየቀላ፣ ወደ ፊት እየወጣ ሄደ። ስተኛ ሙሉ በሙሉ አይከደንም። የድሬ አቧራ ውስጡ የሚያድር ይመስለኛል።

ሐኪሙም አስጠንቅቆኝ ነበር። «ታይሮይዱና ዓይኑ አብረው ቢነሱም በአንድ መንገድ አይሄዱም» አለኝ። «ደምሽ ተስተካከለ ማለት ዓይንሽ ዳነ ማለት አይደለም። በዚህ ላይ የሠለጠነ የዓይን ስፔሻሊስት ሊያይሽ ይገባል።» ወደ አዲስ አበባ ጻፈልኝ፤ የተሰጠኝ ቀጠሮ ግን ወራት የሚቀሩት ነበር። ስወጣ በሩ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። «ምናልባት ጭጋግ ከጋረደሽ ወይም ቀለም ከደበዘዘብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያኑ ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሩጪ።»

ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ሰው ሁሉ እኔን በጫት የጠረጠረኝ ከተሻለኝ በኋላ ነው። እናቴ ከዚራ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ብልህ ሴት ናት። እሷ እንኳ «ደምሽ ድኗል ብለዋል። ታዲያ ዓይንሽ ለምንድነው የሚፈጠው?» አለችኝ። ለመመለስ ስሞክር ወሬዬ ስለሚፈጥን ይብስ ጥርጣሬዋ ይጸናል። ጫቱ እንዲለቀኝ ጸበል ወሰደችኝ። ማታ ማታ ኪሴን ትፈትሻለች፣ ቅጠል ፍለጋ። የሰፈር ባጃጅ ነጂዎችማ ሳልፍ ይጠብቁኛል።

«ፍሬ! ዛሬስ የአወዳይ ነው የገለምሶ?»

«የአክስትህ ነው!»

«አቦ አትቆጪ፣ ቅመሽም ታምሪያለሽ!»

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው ያቺ ቀን የመጣችብኝ።

የሠርግ ወቅት ነበር። የአንዲት ሙሽራ አክስት ሱቃችን ገብተው ቀይ ጨርቅ አስወረዱኝ። ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በዚያ ሰሞን አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኝ ስለነበር ስለካ አንድ ዓይኔን በመዳፌ እሸፍናለሁ፤ እንደዚያ ሳደርግ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ሁልጊዜ የምሸፍነው ግራውን ነበር። ያን ቀን ግራ እጄ ጨርቁን ይዟል፤ በቀኝ እጄ ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩት።

ቀዩ ጠፋ።

ጨርቁ እዚያው አለ። ክሩ ይታየኛል፣ ጥልፉ ይታየኛል። ቀለሙ ግን ፀሐይ ላይ ዓመት የከረመ ሸክላ መሰለ። መዳፌን አነሳሁ፤ ቀዩ እንደ እሳት ቦግ አለ። መልሼ ሸፈንኩ፤ ከሰለ። አነሳሁ፤ ነደደ። አንድ ጨርቅ ሁለት ቀይ ነበረው።

እንዳልዋሽ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ገጣሚ ነኛ! እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይሰጣል? ስልኬን አውጥቼ ለመጻፍ ስቸኩል ጣቶቼ ተምታቱብኝ።

«ናያ!» አለች ኤዶ ሳህራ ከወንበሯ። ሴትን ልጅ ስትጣራ እንደዚያ ነው። «ደንበኛ ቆሞ ስልክ ትጎረጉሪያለሽ?»

«ኤዶ፣ ቀዩ ሞተ!»

«ኢና ሊላሂ! የቱ ቀዩ? ጫማ ሻጩ?»

«ሰው አይደለም፤ ቀለሙ!» መዳፌን እያነሳሁና እየሸፈንኩ አሳየኋት። «በዚህኛው አለ፣ በዚህኛው የለም!»

የሙሽራዋ አክስት ከጠረጴዛው ፈቀቅ አሉ። «ይቺ ልጅ ገና ምሳ ሳይደርስ ነው እንዴ የጀመረችው?» አሉ ቀስ ብለው።

በዚያች ቅጽበት የሐኪሙ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ቀለም ከደበዘዘብሽ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ግራ ዓይኔ እየጠፋ ነው። አሁን፣ እዚሁ፣ የመለኪያ ብረት ይዤ በቆምኩበት።

ስነግራት ኤዶ ሳህራ አልተከራከረችም። «ስሚ» አለች እየተነሳች። «የእናቴን የዓይን ሞራ የገፈፉት ሐኪሞች አሁንም ሆስፒታሉ ውስጥ ናቸው። ከአዲስ አበባ ለዘመቻ የመጡት። ዛሬ ግን ይጨርሳሉ፤ ከሰዓት በአውሮፕላን ይመለሳሉ ብለውናል። ሀዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ! ሩጪ!» ራሷ ወጥታ ባጃጅ አስቆመችልኝ።

ሹፌሩ በመስታወት ዓይኔን አየና ፈገግ አለ። «የት ነው ጨዋታው?»

«ሆስፒታል።»

ከት ብሎ ሳቀ። የደቻቱን ወንዝ እስክንሻገር ድረስ ሳቁ አልቆመም።

ድሬዳዋን የማታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኩለ ቀን ላይ ከተማችን ትዘጋለች። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይቆለፋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ይቅማል። እኔ የደረስኩት በዚያች ሰዓት ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፎቹ ሥር አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሸገ አዛውንቶች ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። የመመርመሪያ ክፍሉ በር ላይ አንድ ወጣት ነርስ ቆሟል። ከበስተጀርባው የብረት ሣጥኖች ሲታሸጉ ይሰማኛል።

«እህቴ፣ ወዴት?»

«ዓይን ሐኪም ልታይ። አሁኑኑ! ቀይ ቀለም ጠፍቶብኛል፣ በግራዬ፣ ታይሮይድ አለብኝ፣ ሐኪሜ ሩጪ ብሎኛል፣ ነገሩ...»

«ቀስ በይ። ቀስ። ይሄ የሞራ ዘመቻ ነው። ሞራ አለብሽ?»

«የለብኝም፣ ታይሮይድ ነው፣ እንቅርት!»

አንገቴን አየ። «ምንም እንቅርት አይታየኝም።» ከዚያ እጄን አየ፤ ይንቀጠቀጣል። ግንባሬን አየ፤ ላቡ ይወርዳል። በመጨረሻ ዓይኔን አየና ሁሉም ነገር ገባው። ገባው ስላችሁ፣ እንደ ከተማው ሁሉ ነው የገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በደግነት «እህቴ፣ ቤትሽ ገብተሽ ትንሽ ወተት ጠጪ። ምርቃናሽ ሲበርድ የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ይከፈትልሻል» አለኝ።

«እነሱ እኮ ይሄዳሉ!»

«አዎ፣ ይሄዳሉ። አሁን የሚገባው ፋሻ የሚፈታለት ብቻ ነው፤ እሱም ከአስታማሚው ጋር።»

ጮህኩ። ስጮህ ይበልጥ መርቃኝ መሰልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ተመልሼ ኒሙ ሥር ካለው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተዘረፈጥኩ፤ መዳፌን እያነሳሁና እየሸፈንኩ የአንዲት ሴትዮ ቀይ ሻሽ ላይ ሞከርኩ። አሁንም ከሰል ነው። እንዲያውም ሱቅ ውስጥ ከነበረው የባሰበት መሰለኝ።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ ከጎኔ አንድ ድምፅ። ልጄ ማለት ነው በኦሮምኛ። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታሽጓል፤ ሌላኛው እንደ ወተት ነጭቷል። «ምን ያስጮህሻል?»

«አያስገቡኝም፣ አባቴ።»

«እኔንም አያስወጡኝም» አሉ። «አብዱሌ እባላለሁ፣ ከሐርላ ነኝ። ትናንት ቀደዱኝ፣ ዛሬ ሊፈቱኝ ነው። ያለ አስታማሚ አይሆንም ይላሉ። ልጄ ደግሞ ሻይ ጠጥቼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሻዩ የት እንዳለ አላህና እኔ እናውቃለን። አረንጓዴ ሻይ ነው፣ በጉንጭ ነው የሚጠጣው።»

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። እጁን አየሁት። በሩን አየሁት። እጁን መልሼ አየሁት።

«ኦቦ አብዱሌ፣ ልጅዎ ነኝ ልበል?»

«አራት ወንድ ነው ያለኝ። ሴት ልጅ እለምነው ነበር፣ አላህ ይኸው በቀትር ላከልኝ። ያዢኝ፣ እንሂድ!»

ክንዳቸውን ይዤ በሩ ላይ ስንደርስ ነርሱ ግንባሩን ያዘ። «ደግሞ አንቺ!»

«አስታማሚዬ ናት» አሉ ኦቦ አብዱሌ።

«የእርስዎ?»

«የኔ። ከሐርላ አብረን ነው የመጣነው።»

«አባባ፣ አሁን ከባጃጅ ስትወርድ አይቻታለሁ እኮ!»

«እኔ ማለዳ መጣሁ፣ እሷ በቀትር መጣች። አብሮ መምጣት ማለት አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው?»

ነርሱ ሊቆጣ አስቦ አልሆነለትም፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ በሩን ለቀቀልን።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። ግማሹ ዕቃ ታሽጎ በሩ ሥር ተደርድሯል። አንዲት ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ከአርባ የማትዘል ሐኪም በእጇ ጓንት እያጠለቀች «የመጨረሻው እርስዎ ነዎት፣ ይቀመጡ» አለች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። ሁለት ቃል ብቻ ልናገር፣ ሁለት ቃል፣ እያልኩ በልቤ እለማመዳለሁ። እንደገና ብፈጥንስ? እንደገና መርቅናለች ብትልስ? ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ።

ፋሻውን ቀስ አድርጋ ፈታችው። «ቀስ ብለው ይክፈቱ። ምን ይታይዎታል?»

ኦቦ አብዱሌ ከፈቱት። መጀመሪያ የገዛ እጃቸውን አዩ፤ ገለባበጡት። ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ የሐኪሟን ፊት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ዞሩና ወንበራቸው ላይ ሸሸት አሉ።

«ዶክተር» አሉ በስጋት፣ «ይቺ ልጅ ምን በድያት ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ?»

ነርሱ ከበሩ ላይ ሳቁን ለቀቀው። ሐኪሟም ፈገግ ብላ፣ ሰውየው የሚያሳዩዋትን ለማየት ያህል ዞራ አየችኝ።

ፈገግታዋ ጠፋ።

«ዓይንሽ ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ንግግር አዘጋጅቼ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው። «ቀይ ደበዘዘብኝ።»

«በየትኛው?»

«በግራዬ። ዛሬ።»

ጓንቷን መንጭቃ አወለቀች። «ያን ሣጥን ክፈተው» አለችው ነርሱን።

«ታሽጓል እኮ ዶክተር። መኪናውም እየጠበቀ ነው።»

«ክፈተው።»

ኦቦ አብዱሌ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። «ዶክተር፣ የእውነት ልጄ አይደለችም» አሉ እየተነሱ። «ግን እንደ ልጄ አድርገሽ እያት።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ቀይ ክዳን ያለው የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ከፊቴ አቆመች። «በቀኝሽ እዪው። ይሄ ቀይ መቶ ከሆነ፣ አሁን ደግሞ በግራሽ፣ ስንት ነው?»

«ሃምሳ። አይ፣ አርባ። ጎርፍ ያጠበው ቀይ ነው።»

«ግጥም አልጠየቅኩሽም፣ ቁጥር ነው» አለች። አፏ ጥግ ላይ ግን የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። በባትሪ ብርሃን አንዱን ዓይኔን አብርታ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ደጋግማ ተመላለሰች። ፊደል አስነበበችኝ። የዓይኔን ግፊት ለካች፣ ውስጡን አየች። በመካከሉ ጥያቄ ታዘንባለች።

«ትቅሚያለሽ?»

ያው መጣ። ነርሱ ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

«ቅሜ አላውቅም!»

«አትቆጪ፣ ሁሉንም ነው የምጠይቀው። ሲጋራስ?»

«አላጨስም።»

«የሚያጨስ ሰው አጠገብሽ አለ?»

ከሱቃችን ጀርባ የመቃሚያ ቤት አለ፤ ከሰዓት በኋላ ጭሱ በኋላ መስኮታችን ይገባል። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ከዛሬ ጀምሮ ያ መስኮት ይዘጋ። ለዚህ ዓይነቱ ዓይን የትምባሆ ጭስ ቀንደኛ ጠላት ነው፣ ሌላ ሰው ያጨሰውም ቢሆን።»

ከዚያ ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «ስሚኝ። ከዓይንሽ ኳስ ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች አብጠዋል። ዓይን የተቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው፤ አጥንት ደግሞ አይለጠጥም። ዓይንሽ አላደገም፣ ቤቱ ነው የጠበበው። እስካሁን ወደ ፊት እየወጣ ተነፈሰ። አሁን ግን የግራው ነርቭ እየተጨመቀ ነው። ቀለም የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።»

«ይጠፋል?»

«ዝም ካልነው ሊጠፋ ይችላል። ዛሬ ከጀመርን ጥሩ ዕድል አለሽ። አዲስ አበባ እስክትደርሺ አንጠብቅም። እብጠቱን የሚቀንስ መድኃኒት በደም ሥርሽ እዚሁ ይሰጥሻል። መጀመሪያ ግን ስኳርሽን፣ ጉበትሽን፣ ደረትሽንም ማየት አለብን፤ ጠንካራ መድኃኒት ነው።»

ውጭ ጥሩምባው ተነፋ። ሐኪሟ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «እናንተ ቅደሙ! እኔ ኤርፖርት እደርሳለሁ!» አለች። መኪናው ሄደ። እሷ ስልኳን ይዛ የሆስፒታሉን የውስጥ ደዌ ሐኪም ከምሳ አስነሳች፤ ቀጥላ የኔን ሐኪም ከዚራ ድረስ ደውላ አገኘችው፤ ስለ ክኒኔ ተጠያየቁ። ነርሱን ደሜን አስቀዳችውና ቤተ ሙከራውን አስከፍቶ እንዲያስመረምረው ላከችው። በተዘጋች ከተማ ውስጥ በር በበር እየተከፈተ ይሰማኛል። ልቤ ሲመታ፣ ታይሮይዴ ተመለሰ እንዴ አልኩ። አልተመለሰም። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲሮጡ እንደዚያ ነው የሚሰማው።

እናቴ ከዚራ ተጠርታ በዚያ ፀሐይ ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ ስትሮጥ ደረሰች። አልጋ ላይ ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው ይህ ነው፤ «ምን ቃምሽ? ምን ሰጡሽ?»

«እናቴ» አለቻት ሐኪሟ፣ «ልጅዎ ምንም አልቃመችም። ይህ የታይሮይድ የዓይን ሕመም ነው። ደሟ ተስተካክሎም ዓይኗ ሊታመም ይችላል። ዓይኗ የሚፈጠው የላይኛው ቆብ ወደ ላይ ስለተሳበና ኳሱ ስለተገፋ ነው። እሷ ምንም አላደረገችም።»

እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።  ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

«ኪስሽን ስፈትሽ የማገኘው ወረቀት ብቻ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ግጥም።»

«አንብበሻቸዋል?»

«ሁሉንም።»

«እንዴት ናቸው?»

አሰበች። «ብዙ ናቸው» አለች። ከዚያ ራሴን ደረቷ ላይ አስጠግታ ማልቀስ ጀመረች።

የምርመራው ውጤት መጣ፤ የሚከለክል ነገር አልተገኘም። ሐኪሟ መጠኑን ለውስጥ ደዌ ሐኪሙ አስረድታ፣ ስልክ ቁጥሯን ለእናቴ ሰጥታ፣ «በየቀኑ ቀዩን ፈትሺ። ከቀነሰ ደውዪ፣ ከጨመረም ደውዪ» ብላኝ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ባጃጅ ሮጠች። አውሮፕላኑ ላይ ደርሳ ይሁን አምልጧት አላወቅኩም ነበር፤ ማታ ስትደውል አዲስ አበባ ሆና ነው የደወለችው።

መርፌውን ክንዴ ላይ የተከለው ያው ነርስ ነው። ፕላስተሩን እየለጠፈ አላየኝም። «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አዘጋጅቼ የጨረስኩት ፍርድ ነበር።»

«ለመሆኑ ምርቃናን እንዲህ በሩቁ የምትለየው እንዴት ነው?» አልኩት።

የጆሮው ጫፍ ቀላ። «እውነቱን ልንገርሽ? ሰዓቱ ደርሶ ሐራራዬ ይዞኝ ነበር። ሐራራ የያዘው ሰው ዓለም ሁሉ ቀድሞት የቃመ ነው የሚመስለው።»

ግሉኮሱ መንጠባጠብ ጀመረ። አሁን የምነግራችሁን እናቴ እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች። ያ መድኃኒት እንቅልፍ ይነሳል፣ መንፈስን ያስፈነጥዛል፤ ሐኪሟም ነግራን ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ የእውነት መረቀንኩ! በማግስቱ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ለክፍሉ ሰው ሁሉ ግጥም አነብ ጀመር። አልጋ ላይ የነበሩት እናቶች ሲስቁ ይህችን እዚያው ሠራሁላቸው፦

ቤቱ ጠብቦት ነው እንጂ ዓይኔ ደጅ ያመለጠው፣
እኔ ማንን ጠልቼ ነው ማንን የምገላምጠው?

«ድገሚው!» አሉኝ። ደገምኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው መድረኬ የሴቶች መኝታ ክፍል ነው።

በየማለዳው ነርሱ ቀይ ክዳን ያለውን ብልቃጥ ያመጣልኛል። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎም የለም፤ ያን ቀን ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ፣ ግጥምም አልነበረም። እናቴ ፊቴን ዳበሰችኝ እንጂ አይዞሽ ማለት እንኳ ፈራች። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀኜን ሸፍኜ በግራዬ ሳየው፣ ክዳኑ ላይ ሙቀት የሚመስል ነገር ነበር። ገና ቀይ አይደለም። ግን ሸክላ አልነበረም።

«ስልሳ!» ብዬ ጮህኩ። «እማ፣ ስልሳ! ደውዪላት!»

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ አጥንቱና ጡንቻው በሲቲ ስካን ታየ። ሐኪሟ ከሌሎች ጋር ተመካክራ ቤቱን የሚያሰፋው ቀዶ ሕክምና ለጊዜው እንደማያስፈልገኝ፣ ግን ክትትሌ እንደማይቋረጥ ነገረችኝ። ይህን የምጽፍላችሁ አሁንም በፈጠጠ ዓይን ነው። ወደ ታች ሳይ አንዳንዴ አንዱ ሁለት ይሆናል። የባጃጅ ነጂዎቹም ሥራቸውን አላቆሙም፤ እኔ ግን አሁን ቆሜ መልስ እሰጣለሁ። አንዱን ሾፌር እኅቱ የኔ ዓይነት ዓይን እንዳላት እስኪነግረኝ ድረስ አስረድቼዋለሁ፤ እሷም ተመርምራለች።

ብዙ ሰው በኔ ላይ የተሳሳተው ክፉ ሆኖ አይደለም። ከተማችን ለፈጠጠ ዓይን የተዘጋጀ መልስ ስላላት ነው። የእናንተም ከተማ የራሷ መልስ ይኖራታል፤ አንዱ ቡዳ ይላል፣ አንዱ ቁጣ፣ አንዱ ዕድሜ። እባካችሁ ታይሮይድ ያለበት ሰው አጠገባችሁ ካለ ዓይኑን ጠይቁት። ይቆረቁርሃል ወይ? ሁለት ይሆንብሃል ወይ? ቀለምስ? ታማሚው አንተ ከሆንክ ደግሞ፣ ወይም አንቺ፣ ደምህ ተስተካከለ ስትባል ተደሰት፣ ግን ዓይን ሐኪሙን አትተው። ማንም እንዳላመነኝ ሁሉ፣ እኔም ራሴን ላለማመን ጥቂት ነበር የቀረኝ። ሰው ሁሉ መርቅነሻል ሲል ስለ ራስሽ ዓይን የምትመሰክሪው አንቺ ብቻ ነሽ። ያን ቀን የተማርኩት ግጥም ላይም ሠራልኝ፤ ያየሁትን ሰው ባያምነኝም ሳልፈጥን፣ ሳልጮህ፣ እንዳየሁት መናገር።

ከድሬዳዋው ሆስፒታል የወጣሁ ቀን እናቴና እኔ በከዚራ በኩል በእግራችን ሄድን። ጥላው ሥር ቀስ እያልን ስንሄድ የድሬዳዋ ዛፎቹ አብበው መንገዱን ሞልተውታል፤ እሳት የመሰለው ቀይ አበባቸው ቅርንጫፉ ላይም፣ አስፋልቱ ላይም፣ የቆሙ መኪኖች ጣሪያ ላይም ነው። ቆምኩ። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩና በግራዬ፣ በታመመችው ብቻ፣ ቀና አልኩ።

እናቴ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀኛለች። «እህ? ስንት ነው?»

ቁጥሩን ትቼ ሳቅኩ። እንባዬ መንታ መንታውን ይወርዳል። እሷ አየችኝ፣ ዛፉን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ ሰቅላ እሷም አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ሁለት ሴቶች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በከዚራ መንገድ መሃል፣ አንድ አንድ ዓይናችንን ይዘን ወደ ላይ አንጋጠን ቆምን።

አንድ መንገደኛ ፍጥነቱን ቀንሶ አየን። «ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አለችው እናቴ፣ መዳፏን ሳታነሳ። «ቀይ እያየን ነው።»